ጊዜውን የጠበቀ ዜማ

ያማረ ነገር ሁሉ በማናቸውም ጊዜ ያማረ ነውን? ወይስ ውበትም እንደ አዝመራ የራሱ ወራት አለው? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች የሚተው ይመስለን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በገና ዋዜማ ግን ከአንድ ሽማግሌ አፍ ወጥቶ በራሳችን ላይ ስለ ወደቀ፥ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አልቻልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሥሪያ ቤት ወጥተን በሳምንት ሁለት ምሽት እየተሰበሰብን የምንዘምር ጥቂት ሰዎች ነን፤ ጸሐፊዎች፥ አስተማሪዎች፥ አንድ ሁለት ተማሪዎች፥ ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህርም አሉን። ድምፃችን በአራት የተከፈለ ነው፤ ሴቶቹ ሶፕራኖና አልቶ፥ ወንዶቹ ቴኖርና ባስ ይዘምራሉ። መሣሪያችን አንድ አሮጌ ፒያኖና አንድ ቫዮሊን ነው። ቫዮሊኑን የምንጫወተው እኛ ነን። የኖታው ሣጥን ቁልፍም በእኛ እጅ ስለ ነበረ፥ ለበዓል የሚዘመረውን የመምረጥ ሥልጣን ማንም ሳይሰጠን የእኛ ሆኖ ቀረ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ልዩ ልዩ ነው፤ ከውጭ አገር የመጣ የታተመ ኖታ አለ፤ በእጅ የተገለበጠ አለ፤ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፥ ጠርዙ የተቀደደ፥ ከስምንቱ ገጽ ሦስተኛው የጠፋበትም አለ።

በዚያ ዓመት ከሣጥኑ ያወጣነው ዮሃን ሰባስቲያን ባኽ ከደረሰው የማቴዎስ ሕማማት አንዱን ክፍል ነበር። ይህ ክፍል ለአንድ የአልቶ ድምፅና ለአንድ ቫዮሊን የተደረሰ ነው፤ የሚመጣውም ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ፥ ዶሮ ሲጮኽ ወደ ውጭ ወጥቶ ምርር ብሎ ካለቀሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚያለቅሰው ቫዮሊኑ ነው፤ የሰው ድምፅ ኋላ ተከትሎ ምሕረትን ይለምናል። ይህን ኖታ ብዙ ወራት ማታ ማታ ስንለማመደው ስለ ነበረ ሰው እንዲሰማልን እንመኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ እስከ ስቅለት መታገሥ አቃተን። መዘምራኑ ቃሉን ትተው አፋቸውን ዘግተው ከሥር እንዲያንጎራጉሩ አደረግን፤ የዘማሪዋንም ክፍል ጭምር በቫዮሊን ያዝነውና ለገና ዋዜማ አቀረብነው። ጭብጨባው የሚያኮራ ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ የሒሳቡ መምህር ካፖርታቸውን እየደረቡ ወደ እኛ ቀረቡ። ከልምምዱ በአንዱ ቀን የዜማው ቃል ስለ ምን እንደሚናገር ጠይቀውን ነግረናቸው ነበር። «ልጄ፥ ጌታ ገና ዛሬ መወለዱ ነው፤ አንተ ግን ጴጥሮስን ዛሬውኑ አስካድኸው» አሉን። ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ወደ ቤታችን ስንሄድ ግን ሳቁ በመንገድ ቀረና ነገሩ ብቻ አብሮን ገባ።

በመጀመሪያ ያሰብነው ለራሳችን መከላከያ ነበር። ዜማ ያለ ቃል ምንድን ነው? የአየር መንቀጥቀጥ ነው። አውታርና የፈረስ ጭራ ተፋትገው የሚያወጡት ድምፅ ታኅሣሥ ይሁን ሚያዝያ ከወዴት ያውቃል? ጴጥሮስ ያለው በቃሉ ውስጥ ነው፤ ቃሉን ካነሣን ጴጥሮስም ተነሥቷል፤ የቀረው ውበቱ ብቻ ነው አልን። ለዚህ ክርክር ምስክር ፍለጋ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን፤ የመጀመሪያው ምስክር ራሱ ባኽ ሆኖ ተገኘ። (ከዚህ በታች የአውሮፓን ነገር ስንናገር ዓመቱን በእነርሱ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ባኽ በ1723 ላይፕዚግ በምትባለው የጀርመን ከተማ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዘምራን አለቃ ሆኖ ተሾመ፤ በ1750 እስኪሞት ድረስም በዚያው ሥራ ኖረ። በ1734 ለልደት በዓል አንድ ታላቅ ድርሰት አዘጋጀ። ድርሰቱ ስድስት ክፍል ሲኖረው፥ ክፍሎቹ በአንድ ቀን እንዲዘመሩ የታሰቡ ሳይሆኑ ከዲሴምበር 25 ጀምሮ እስከ ጃንዩወሪ 6 ድረስ ለስድስት የበዓል ቀናት የተመደቡ ነበሩ። የመጀመሪያውን ክፍል የሚሰማ ሰው ገና ሲጀመር ከበሮና መለከት ይቀበሉታል። ይሁን እንጂ ይህ ከበሮ አስቀድሞ የተመታው ለሕፃኑ ኢየሱስ አልነበረም፤ ከአንድ ዓመት በፊት፥ በዲሴምበር 1733፥ ለሳክሶኒ ገዢ ባለቤት ለማሪያ ዮሴፋ የልደት ቀን ነበር የተመታው። ባኽ ቃሉን አስለውጦ ዜማውን አስቀረው።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። በሁለተኛው ክፍል ለሕፃኑ የሚዘመር አንድ እሹሩሩ ይገኛል፤ ከዚያ ይልቅ የሚያረጋጋ ዜማ ሰምተን አናውቅም። ይህም ዜማ በ1733 ሴፕቴምበር ለመስፍኑ ልጅ የልደት ቀን የተደረሰ ነበር። በዚያ ድርሰት ውስጥ ሄርኩለስ የተባለው የግሪኮች ጀግና በመንታ መንገድ ላይ ቆሞ በምግባርና በተድላ መካከል ይመርጣል፤ እሹሩሩውን የምትዘምረው ተድላ ናት። ጀግናውን ከበጎ ሥራ አስንፋ ልታስተኛው ትለሰልስለታለች። ባኽ ይህንኑ ወሰደና ከሶፕራኖ ወደ አልቶ ዝቅ አድርጎ በግርግሙ አጠገብ አኖረው። ስለዚህ የፈታኚቱ ድምፅ የነበረው በሚቀጥለው ዓመት የሕፃኑ ማስተኛ ሆነ ማለት ነው።

በዚያችው በላይፕዚግ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ተመሳሳይ ነገር ተደረገ። በ1840 ፊሊክስ ሜንዴልሶን የጉተንበርግ የማተሚያ ጥበብ 400ኛ ዓመት ሲከበር ለወንዶች መዘምራንና ለመለከተኞች አንድ መዝሙር ደረሰ። ከውስጡም ስለ አንደኛው ክፍል፥ ዜማው ለመንፈሳዊ ቃል ፈጽሞ እንደማይስማማ በደብዳቤ ጽፎ ነበር። እሱ በ1847 ከሞተ በኋላ ግን በ1855 ዊልያም ካሚንግስ የተባለ እንግሊዛዊ ያንኑ ክፍል ቻርልስ ዌስሊ ከጻፈው የልደት መዝሙር ጋር አገናኘው፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ያለዚህ ዜማ ገና የሚያልፍ አይመስላቸውም። ስለ ማተሚያ መኪና የተዘመረው ስለ መላእክት ተዘመረ። ፈረንሳዊው ሻርል ጉኖም እንዲሁ ባኽ ለተማሪዎች መልመጃ ከጻፈው ከአንድ የክላቪየር መቅድም በላይ አዲስ ዜማ አስቀመጠበት፤ በ1853 ሲታተም ለቫዮሊንና ለፒያኖ ነበር፤ የእመቤታችን ሰላምታ የገባበት ኋላ በ1859 ነው። ዛሬ ያንን ኖታ ከሣጥኑ የሚያወጣ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ጸሎት የነበረ ይመስለዋል።

እነዚህን ምስክሮች ስናከማች ደስ አለን፤ ሽማግሌውን ረታናቸው ብለንም ነበር። ነገር ግን ሰው በክርክር ከረታ በኋላ ልቡ ካላረፈ ያልተጠየቀ ጥያቄ ቀርቷል ማለት ነው። ደግመን ብናስበው የእነዚያ ሰዎች ሥራና የእኛ ሥራ አንድ አልነበረም። ባኽ የንግሥቲቱን ቃል አንሥቶ በቦታው ሌላ ቃል አኖረ፤ ቁልፉን ለወጠ፤ ዘማሪውን ለወጠ፤ ዜማው በአዲሱ ቤት እንዲኖር ቤቱን ጠረገለት። እኛ ግን ቃሉን አነሣን እንጂ በቦታው ምንም አላኖርንም። ከዚያ ክፍል የጠፋው ጴጥሮስ ብቻ ነበር፤ በባዶው ወንበር ላይም የተቀመጥነው እኛው ነበርን።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ ለብዙ ቀን አስቸግሮናል። በዚያው በልደት ድርሰት የመጀመሪያ ክፍል ምእመናን የሚያውቁት አንድ ቀላል መዝሙር ይገኛል። ቃሉ የሚመጣውን ጌታ እንዴት እንቀበለው ብሎ የሚጠይቅ ሲሆን፥ ዜማው ግን የእሾኽ አክሊል ስለ ደፋው ራስ የሚዘመርበት ያው ዜማ ነው፤ ባኽ በማቴዎስ ሕማማት ውስጥ አምስት ጊዜ ያመጣው ይኸው ነው። (ይህ ዜማ ራሱ በ1601 ሃንስ ሌዮ ሃስለር ሲያሳትመው የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ይህን ግን እንለፈው፤ አለዚያ ማለቂያ የለውም።) እንግዲህ ባኽ ራሱ በልደት ቀን የስቅለትን ዜማ አስዘመረ! ሽማግሌው በላይፕዚግ ቢኖሩ ኖሮ እሱንም «ዛሬውኑ ሰቀልኸው» ይሉት ነበርን?

ዜማው በዚያ አገር ለሌሎችም መዝሙሮች ይውል ስለ ነበር፥ ባኽ ይህን አስቦ አላደረገውም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በስድስተኛው ክፍል መጨረሻ ያው ዜማ በመለከት ታጅቦ ተመልሶ ድርሰቱን ይዘጋዋልና እንዲያው በድንገት የሆነ አይመስለንም። አስቦበት ከሆነ ደግሞ ያደረገው ነገር ግልጽ ነው። ዜማው የሕዝቡ ገንዘብ ነበር፤ ከልጅነታቸው ያውቁታል። በግርግሙ አጠገብ ሆነው ሲሰሙት መስቀሉ ከሩቅ ይታያቸዋል። ያም የበዓሉ ትምህርት ራሱ ነው፤ የተወለደው ለምን እንደ ተወለደ ይነግራቸዋል። በእኛ የገና ዋዜማ ግን ዜማው ከየት እንደ መጣ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አንዱ ቫዮሊኑን የያዝነው፥ ሁለተኛው ሽማግሌው። ለቀረው ሰው ጥሩ ልቅሶ ነበረ፤ ስለ ማን እንደሚለቀስ አልተነገረውም። ሰው ስለ ማን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ ማስለቀስ ደግሞ ሌላ ስም አለው። እንግዲህ ጥፋቱ ያለው በዜማው ሳይሆን በመረጥንበት ምክንያት ላይ ነው ብለን ማመን ጀመርን። ባኽ የመረጠው ለሰሚው ነበር፤ እኛ የመረጥነው ለጣቶቻችን ነበር።

ስለ ላይፕዚግ ካነበብነው ሁሉ በጣም የነካን ግን የተዘመረው ሳይሆን ያልተዘመረው ነው። በዚያች ከተማ በባኽ ዘመን ከፋሲካ በፊት ባለው ጾም፥ እንዲሁም ከልደት በፊት ካሉት አራት እሑዶች በኋለኞቹ ሦስቱ፥ በመሣሪያ የታጀበ ታላቅ መዝሙር በዋናዎቹ አብያተ ክርስቲያናት አይሰማም ነበር። የብሥራት በዓል በጾሙ መካከል ሲውል ብቻ ይፈቀድ ነበር። ቫዮሊኑ በሣጥኑ ይተኛል፤ መለከቱ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ በስቅለት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሕማማቱ ይሰማል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን በልቡናህ ሣለው። ለሳምንታት አንድም አውታር በቤተ ክርስቲያን ሳይሰማ የከረመ ሕዝብ ተቀምጧል፤ ታሪኩ ይነበባል፤ ዶሮው ይጮኻል፤ ጴጥሮስ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ አንድ ቫዮሊን ብቻውን ይጀምራል። ያ ድምፅ የገባው በተራበ ጆሮ ውስጥ ነው። እኛ ያንኑ ድምፅ ሻይና ዳቦ ቆሎ በጠገበ ሰው ጆሮ ውስጥ ከሦስት የደስታ መዝሙሮች ቀጥለን አፈሰስነው። ኖታው አንድ ነው፤ የተሰማው ግን አንድ አልነበረም።

ይህን ስናነብ ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አለመሆኑን አስታወስን። የቅዱስ ያሬድ ድጓ የተዘጋጀው በዓመቱ ወራትና በዓላት ተራ ነው፤ ግእዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉት የዜማ ስልቶችም እንደ ቀኑና እንደ በዓሉ ሥርዐት አላቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌ ወራት ነው፤ ያኔ የሚቆመው ማኅሌት በሌላ ወር አይቆምም። ለዐቢይ ጾም ራሱን የቻለ ጾመ ድጓ አለ፤ በዚያ ወራት ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፥ ሊቃውንቱም በመቋሚያ ይዘምማሉ። ዘወረደ፥ ቅድስት፥ ምኩራብ፥ መጻጉዕ እያልን የጾሙን ሳምንታት የምንጠራበት ስም እንኳ ከዚያው ከያሬድ መዝሙር የተወሰደ ነው። ሳምንቱ ለዜማው ስም አልሰጠውም፤ ዜማው ለሳምንቱ ስም ሰጠው። ከልጅነታችን ጀምሮ የፋሲካ ሌሊት ከበሮ ሲመታ ልባችን የሚዘለው ከበሮው ከሌላው ቀን የተለየ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁለት ወር ያኽል ዝም ብሎ ስለ ቆየ ነው። ይህን እያወቅን አድገን ኖታ ስናገላብጥ መርሳታችን ያሳፍራል። የታተመ ወረቀት ይህን የማስረሳት ኀይል አለው፤ በሣጥን ውስጥ ስቅለትና ልደት ጎን ለጎን ተኝተው ሁለቱም በአንድ ቀን ይወጣሉ። መሪጌታው የመሸመደው ዜማ ግን ወራቱ ሲደርስ ነው ከልቡ የሚነሣው።

ስለ ወራት ይህን ያኽል ካልን፥ ለመናገር የሚከብደን ሌላ ነገር አለ። ኖታ ሲመረጥ ወራቱ ብቻ ሳይሆን የሚዘምረውም ሰው ይመረጣል፤ ወይም ሳይታወቅ ይጣላል።

ባኽ በ1730 ኦገስት ለላይፕዚግ ምክር ቤት አንድ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ለአንድ የመዘምራን ቡድን ቢያንስ 12፥ ቢቻል 16 ዘማሪዎች እንደሚያስፈልጉት ዘረዘረና የትምህርት ቤቱን 54 ልጆች በሦስት ከፈላቸው፤ 17ቱ ይረባሉ፥ 20ው ገና አልደረሱም፥ 17ቱ አይረቡም። (ምክር ቤቱ የጠየቀውን አልፈጸመለትም። ለበላይ ማስታወሻ ጽፎ መልስ ሲጠባበቅ የኖረ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከባኽ ጋር ዝምድና አለው።) ይህን ቍጥር ስናይ መጀመሪያ ጭካኔ መሰለን። ነገር ግን እነዚያ ልጆች በአራት ቡድን ሆነው በአራት አብያተ ክርስቲያናት ይዘምሩ ነበር፤ ደካሞቹ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ቀላሉን የምእመናን መዝሙር ብቻ ይዘምራሉ። አይረባም የተባለውም ልጅ የሚዘምረው ነገር ነበረው ማለት ነው። ባኽ ራሱም ከባዱን ካንታታ ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው በእንደዚሁ ዐይነት ቀላል የአራት ድምፅ መዝሙር ነው።

በእኛ መካከል በአልቶ ክፍል የሚዘምሩ አንዲት ወይዘሮ አሉ። ኖታ አያነብቡም፤ በጆሮ ይዘው ነው የሚያጠኑት፤ አንድ ጊዜ ከያዙት ግን አይለቁትም። በዚያ በጴጥሮሱ ዜማ ልምምድ ላይ ከሥር የሚሄደው ድምፅ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ሊይዙት አልቻሉም። በሦስተኛው ሳምንት ጕሮሯቸው የማይንቀሳቀስ፥ ከንፈራቸው ብቻ የተገጠመ መሆኑን አየን፤ ያንጎራጎሩ ይመስሉ ነበር እንጂ ድምፅ አልነበራቸውም። የሳቸው ድምፅ ሲጎድል የአልቶው ክፍል ጠራ። አየን፥ ደስም አለን፥ ዝምም አልን። ከሽማግሌው ቃል ይልቅ ዛሬም የሚቆጠቍጠን ይህ ነው። ለመዘመር ከሥራ በኋላ በታክሲ ተጋፍተው የሚመጡ ሴት በገና ዋዜማ ከሰው ፊት ቆመው ሳይዘምሩ ሄዱ፤ ይህንም ያደረገው አንድ የወረቀት ምርጫ ነው።

ኖታ ለቫዮሊንና ለመዘምራን ሲመረጥ የሚደረገውን ጥንቃቄ ኋላ ቀስ በቀስ ተማርን። ሰው ይተነፍሳል፤ ቫዮሊን አይተነፍስም። ቀስቱ ወደ ታች ሄዶ ወደ ላይ ሲመለስ ዜማው ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ ቫዮሊን የያዘ ሰው የዘማሪውን ደረት ይረሳል። ቫዮሊኑ ከሶፕራኖዎቹ በላይ ወጥቶ እንዲሄድ የተጻፈ ኖታ በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ ግን የሴቶቹን ቃል ይሸፍነዋል፤ ቃሉ ካልተሰማ ደግሞ መዝሙሩ ለማን ነው? ከዚያ ይልቅ ዘማሪዎቹ ቤቱን ጨርሰው ትንፋሽ ሲወስዱ በዚያች ክፍተት ገብቶ መልስ የሚሰጥ ቫዮሊን ይበልጣል። የአገራችን ማሲንቆ ይህን ከጥንት ያውቃል፤ አዝማሪው ስንኙን ሲጨርስ ነው ማሲንቆው የሚናገረው። እኛ ቫዮሊን በመማራችን ይህን ረስተነው ነበር።

የተተረጎመውን ቃል መመርመርም አንዱ ሥራ ነው። በሣጥናችን ውስጥ ከእኛ በፊት የነበሩ ዘማሪዎች ወደ አማርኛ የመለሱት አንድ የፈረንጅ የገና መዝሙር አለ፤ በመጀመሪያው ቤት ጌታ «በክረምት» ተወለደ ይላል፤ በሁለተኛው ምድር በበረዶ ተሸፈነች ይላል። የፈረንጅ ክረምት ብርድና በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ግን ሐምሌና ነሐሴ፥ ጭቃና ጎርፍ ነው። በረዶም ቢሆን እኛ የምናውቀው ከዝናብ ጋር ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ታኅሣሥ 29 በአውድማው ላይ እህል የሚወቃበት፥ ሰማዩ የጠራበት የበጋ ወር ነው። ብዙ ዓመት በዚህ ቃል ሲዘመር ማንም ልብ አላለውም ነበር። የሒሳቡ መምህር ግን ቆጠሩትና «እንዲህ ከሆነ ልደትን ከፍልሰታ ጋር ማክበር አለብን» አሉ። «ክረምት» የሚለውን «ሌሊት»፥ «በረዶ» የሚለውን «ውርጭ» አልነው። የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በደጋው የሚኖር ሁሉ በጣቱ የሚያውቀው ነው፤ የእረኞቹም ብርድ በዚያ ቃል የእኛ ብርድ ሆነ።

አንባቢ ይህን ሁሉ ሰምቶ ወራት የማይነቃነቅ ሕግ ነው የምንል እንዳይመስለው። ጆርጅ ፍሬደሪክ ሄንደል መሲሕ የተባለውን ድርሰት በ1741 በ24 ቀን ውስጥ ጻፈው፤ በመጀመሪያ የተሰማው በደብሊን ከተማ በኤፕሪል 13 ቀን 1742፥ በሰሞነ ሕማማት ነበር። ሰው እንዳይጨናነቅ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን የሚወጥረውን ቀለበት፥ ወንዶቹ ጎራዴያቸውን ትተው እንዲመጡ ተለምነው ነበር። ገንዘቡም ለሁለት ሕሙማን ቤቶችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ተከፈለ፤ ከዚያም የተነሣ 142 እስረኞች ከወህኒ ወጡ። ያ ድርሰት ዛሬ በብዙ አገር የሚዘመረው በልደት ሰሞን ነው። ወራቱን ለወጠ፤ ማንም ግን በደል አላለውም። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ልደት ስለሆነ መንገድ ነበረው፤ ያዛወረውም በብዙ ዘመን ብዙ ሕዝብ ነው። አንድ ቫዮሊን ያለው ሰው በአንድ ምሽት ከሚያደርገው ጋር ይህን አናመሳስለውም። ከዚህ በላይ ግን መስመሩ የት ላይ እንደሚሠመር ብንጠየቅ፥ በየዓመቱ እንደገና የሚሠመር ይመስለናል እንጂ ቍርጥ ያለ መልስ የለንም።

ባለፈው ዓመት ለገና የመረጥነው ማንም የሚያውቀውን ነው። በ1818 ዲሴምበር 24 ሌሊት በዛልዝቡርግ አጠገብ ባለችው በኦበርንዶርፍ መንደር፥ ዮሴፍ ሞር የተባለ ካህን በጻፈው ቃል ላይ ፍራንዝ ግሩበር የተባለ የመንደር አስተማሪ ዜማ አድርጎለት፥ በሁለት ወንዶች ድምፅና በአንድ ጊታር፥ ጥቂት መዘምራን የመጨረሻውን ቃል እየተቀበሉ ዘመሩት። የመንደሩ አስተማሪ በዚያች ሌሊት ያሉትን ሰዎችና ያለውን መሣሪያ አይቶ ጻፈ፤ ከዚያ አላለፈም። ዜማው በመጀመሪያ የተጻፈው ከሬ በሚነሣው ቁልፍ ስለ ነበረ ለቫዮሊን ይመቻል፤ ክፍቶቹ አውታሮች ራሳቸው ያስተጋባሉ። ነገር ግን ቫዮሊኑ በመጀመሪያው ቤት ዝም እንዲል አደረግን፤ በሁለተኛው ቤት መዘምራኑ ሲተነፍሱ ብቻ አራት አራት ኖታ ተናገረ። የአልቶዋ ወይዘሮ ክፍላቸውን በሁለት ምሽት ያዙት። በዋዜማው ስንጫወት ዐይናችን ከኖታው ይልቅ ወደ ጕሮሯቸው ይሄድ ነበር።

የጴጥሮሱን ኖታ ከሣጥኑ ሥር አላኖርነውም። አንዲት ተማሪ ቃሉን ማጥናት ጀምራለች፤ ድምፅዋ ገና ነው፥ ግን ይደርሳል። ወረቀቱን በአንድ የመሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ አደረግነው። የሒሳቡ መምህር ፋይሉን ተቀብለውን መነጽራቸውን አስተካከሉና በሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከሆሣዕና በፊት አይከፈትም» ብለው ጻፉበት፤ ቀን አኖሩበት፤ ከሥሩ መሥመር አሠመሩና እስክሪብቶውን ወደ እኛ ዘረጉ። ፈረምን።